የጽናት ገጽታ በ«ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»

ከታሪክ የሚቀዱ ተውኔቶች አንድ የጋራ ችግር አለባቸው። ተመልካቹ ፍጻሜውን ቀድሞ ያውቀዋል። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፋሽስት ኢጣልያ ወታደሮች ጥይት መውደቃቸውን የማያውቅ ተመልካች ወደ ቴአትር ቤት አይገባም። ፍጻሜው ከታወቀ ዘንድ የተውኔቱ ግጭት ከየት ይመነጫል? ተመልካቹንስ እስከ መጨረሻው ይዞ የሚያቆየው ምንድን ነው? ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በተሰኘው ሥራው ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ በአማርኛ ተውኔት ታሪክ ውስጥ ልዩ ግምት የሚሰጠው ነው። ደራሲው ግጭቱን በወራሪውና በአቡኑ መካከል ብቻ አላስቀመጠውም። ወደ አቡኑ ልብ አስገብቶታል።

የሥራው ርእስ ራሱ ለዚህ አመራር ይሰጣል። ርእሱ «ሰማዕቱ» ወይም «ጀግናው» አላለም፤ ሞትንም አልጠቀሰም። «ያቺን ሰዓት» ብሎ አንዲት ጊዜን ብቻ ለይቶ አወጣ። ሐረጉ ማሰሪያ አንቀጽ የለውም፤ ሰሚው «ያቺን ሰዓት ምን ሆኑ? ምን አሉ?» ብሎ እንዲጠይቅ ክፍት ሆኖ ተትቷል። በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ላደገ ሰሚ ደግሞ ስሙም ሌላ ትዝታ ይቀሰቅሳል። የመጀመሪያው ጴጥሮስ፣ ዓለት የተባለው ሐዋርያ፣ እርሱም አንዲት ሰዓት ነበረችው፤ ዶሮ ሳይጮህ ጌታውን ሦስት ጊዜ የካደባት። እንግዲህ ስሙና ሰዓቲቱ አንድ ላይ ሲነሡ መጽናት ብቻ ሳይሆን መውደቅም የሚቻል ነገር ሆኖ ይታያል። የተውኔቱ ኃይል ከዚህ ይመነጫል።

መውደቅ የሚቻል ነገር እንደነበረ ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡና ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በወራሪው እጅ ከወደቀች በኋላ አቡኑ እስከ ተረሸኑባት ቀን ድረስ ያለው ጊዜ ሦስት ወር እንኳ አይሞላም። በእነዚያ ሳምንታት ማን እንደሚያሸንፍ፣ መንግሥት እንደሚመለስ፣ የዓለም መንግሥታት እንደሚፈርዱ እርግጠኛ የነበረ ሰው አልነበረም። የአርበኞቹ ነፃነት ከአምስት ዓመት በኋላ እንደሚመጣ ዛሬ የታወቀ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አልታወቀም። በ1921 ዓ.ም. በግብፅ የጵጵስና ማዕርግ ከተቀበሉት ከአራቱ የመጀመሪያ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት መካከል የሁሉም መንገድ አንድ አልሆነም። አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ። አቡነ ሚካኤል በ1929 ዓ.ም. ጎሬ ላይ ተረሸኑ። አቡነ አብርሃም ግን ወራሪው ላቋቋመው የቤተ ክህነት አስተዳደር የበላይ ሆኑ። አንድ ማዕርግ፣ አንድ ሃይማኖት፣ አንድ ዘመን ሁለት መልስ ሰጠ። ስለዚህ የአቡነ ጴጥሮስ ጽናት ከቆብና ከመስቀል የመጣ አልነበረም። ምርጫ ነበር።

ይህን ምርጫ በመድረክ ላይ ለማሳየት ደራሲው ያነሣው መሣሪያ ጸሎት ነው። የተውኔቱ ዋና ንግግር ለወራሪው የተሰነዘረ ርግማን ሆኖ አይጀምርም። ለእመ ብርሃን የቀረበ ሮሮ ሆኖ ይጀምራል። ጴጥሮስ አገራቸው ለምን እንደተረሳች፣ መከራዋ እስከ መቼ እንደሚረዝም ድንግልን ይጠይቃሉ። ላይ ላዩን ለሚመለከት ሰው ይህ ጥያቄ የእምነት መዳከም ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የአገሩን የጸሎት ልማድ ለሚያውቅ ሮሮ ራሱ የእምነት ቋንቋ ነው። ካህናቱ በወርኃ ጽጌ የሚያዜሙት ሰቆቃወ ድንግል ለቅሶ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ የኢየሩሳሌምን መፍረስ አልቅሶባታል። መዝሙረኛው ዳዊትም አምላኩን ለምን እንደራቀው ደጋግሞ ይጠይቃል። ቅሬታ የሚቀርበው ይሰማል ተብሎ ለሚታመን ብቻ ነው፤ ባለ ጉዳይ በተዘጋና ሰው በሌለበት ደጅ ቆሞ አቤት አይልም። ጸጋዬ ይህን ጥንታዊ ልማድ ተረድቶ ለዘመናዊ ተውኔት የውስጥ ግጭት አውሎታል።

ከሮሮው ቀጥሎ የሚመጣው የልጅነት ትዝታም በከንቱ የገባ ጌጥ አይደለም። ሞት በፊታቸው የቆመባቸው ሰው የሚያስታውሱት የጵጵስናቸውን ክብር ሳይሆን የገጠሩን መስክና የእረኝነቱን ዘመን ነው። በዚህም ደራሲው የእምነትን ሥር ከማዕርግ አውርዶ በእናት ጉልበትና በአፈር ላይ ይተክለዋል። የአገር ፍቅርና ሃይማኖት በአንድ ልብ ውስጥ የተጋመዱት በስብከት አይደለም። የሰላሌ ልጅ ማርያምን የተማረው ከብት ባገደባት ምድር ነውና ምድሪቱን መካድ ጸሎቱን መካድ ይሆንበታል። ጸጋዬ ራሱ የተወለደው አቡኑ በተረሸኑበት በዚያው በ1928 ዓ.ም. ክረምት ነው። ያቺን ሰዓት ሊያስታውሳት አይችልም፤ ከሕዝብ ትዝታ ተቀብሎ እንደገና ሊፈጥራት ግን ችሏል።

ርእሰ ነገሩ ከጸጋዬ በፊትም ተሞክሯል። ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «የደም ድምፅ» በተሰኘው ተውኔታቸው የአቡኑን ሰማዕትነት አንሥተዋል። ያ ርእስ ከምድር ወደ ፈጣሪ የጮኸውን የአቤልን ደም ያስታውሳል፤ ዓይኑም ከሞት በኋላ ባለው ፍርድ ላይ ነው። የጸጋዬ ርእስ ደግሞ ከሞት በፊት ባለው ውሳኔ ላይ ይቆማል። አንዱ ደሙ ምን እንደተናገረ ይጠይቃል፤ ሌላው ሰውየው ደሙን ለመስጠት እንዴት እንደበቁ ይጠይቃል። ለመድረክ የሚመቸው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ደም ከፈሰሰ በኋላ ምርጫ የለምና።

ተውኔቱ ግን ከጉድለት ነፃ አይደለም። ጴጥሮስን ለብቻቸው ከሰማይ ጋር ለማነጋገር ሲል ደራሲው በዙሪያቸው የነበሩትን ሰዎች ወደ ጥላ ገፍቷቸዋል። በታሪክ አቡኑ ብቻቸውን አልነበሩም። በዚያው ሐምሌ አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ከሰላሌ የዘመቱ አርበኞች ነበሩ፤ የአቡኑም ውሳኔ ከእነርሱ ትግል ጋር የተያያዘ ነበር። የአንድ ሰው ጽናት ከብዙዎች ጽናት እንደሚቀዳ በመድረኩ ላይ በበቂ ሁኔታ አይታይም። ግጥሙ ይህን ያህል ጥልቀት ያገኘበት ብቸኝነት ታሪኩን በመጠኑ አጥብቦታል።

ከደራሲው ይልቅ የሚከብደው ግን የአቅራቢዎች ጥፋት ነው። ይህ ንግግር በትምህርት ቤት መድረኮችና በበዓላት ላይ በቃል ሲነበነብ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ስንኝ አንሥቶ በፉከራ ድምፅ ይጮሃል። ደረት ይነፋል፤ ክንድ ይወረወራል፤ ጭብጨባውም ይደምቃል። ነገር ግን ከመነሻው ያልፈራ ጴጥሮስ በመጨረሻ የሚያሸንፈው ነገር የለውም። ሮሮው እንደ ሮሮ፣ ልመናውም እንደ ልመና በዝግታ ካልተሰማ ፍጻሜው ባዶ ጩኸት ይሆናል። የተውኔት መምህራን ተማሪዎቻቸውን በቅድሚያ ሊያስተምሯቸው የሚገባው የድምፅን ከፍታ ሳይሆን ድምፁ የሚሰበርበትን ቦታ ነው።

በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አቅራቢያ የቆመው የአቡኑ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መሥመር ግንባታ ከሥፍራው ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል። ሐውልት ሊነሣና ሊመለስ ይችላል፤ የሚያሳየውም ውሳኔው ካለቀ በኋላ ያለውን ሰው ነው። ተውኔት ደግሞ ውሳኔውን በየምሽቱ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። ነገ ምን እንደሚመጣ በማይታወቅበት ዘመን የሚኖር ሰው ከአቡነ ጴጥሮስ ሊማር የሚችለው ፍርሃት የሌለበትን ልብ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ልብ ለማንም አልተሰጠም። ሊማር የሚችለው በፍርሃት መካከል ጸሎትን ሳያቋርጡ መቆምን ነው። ተዋናዩም ሆነ መምህሩ ይህችን ሰዓት ከነፍርሃቷ ጠብቆ ለትውልድ ቢያስተላልፋት ለሥራውም ለሰማዕቱም ተገቢውን ክብር ይሰጣል።