‹‹ሕዝቡ ትንሽ መኪና አይፈልግም››

የአሜሪካ መኪና ሠሪዎች ዘንድ አንድ የታወቀ መልስ አለ። ‹‹ቤንዚን የማይጠጣ ትንሽ መኪና ለምን አትሠሩም?›› ሲባሉ፣ ‹‹እኛማ በሠራን፤ ሕዝቡ አይፈልግም እንጂ›› ይላሉ። ፎርድ በ2018 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሙስታንግ ሲቀር በሰሜን አሜሪካ የቤት አውቶሞቢል መሸጡን ቀስ በቀስ እንደሚተው ሲያስታውቅ፣ ያቀረበው ምክንያት የደንበኛው ፍላጎት መቀነስና የትርፉ ማነስ ነበር። ጂኤምም በ2019 ትንሿ ክሩዝ ትሠራበት የነበረውን የኦሃዮ ፋብሪካ ሲዘጋ ያው ዜማ ነው የተዜመው።

መልሱ ጨርሶ ውሸት ነው አልልም። አሜሪካዊው ቤንዚን ሲረክስ ሰፋ ያለ መኪና ያምረዋል። በጁላይ 2008 አንድ በርሜል ድፍድፍ 147 ዶላር ገብቶ ጋሎኑ ከ4 ዶላር ሲያልፍ ፕሪየስ ፍለጋ ይሯሯጥ ነበር፤ ዋጋው ሲወርድ ረሳው። ደንበኛውም ንጹሕ አይደለም። ግን ይሄ ‹‹ፍላጎት›› የሚሉት ነገር እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ነው እንዴ? ማን አሳደገው?

ነገሩ ከ1975 ይጀምራል። ከሁለት ዓመት በፊት ዓረቦቹ ነዳጅ አንሸጥም ብለው አሜሪካ በየማደያው ተሰልፋ ስለነበር ምክር ቤቱ ሕግ አወጣ፤ የአንድ ኩባንያ አዳዲስ የቤት መኪኖች በ1985 በአማካይ በአንድ ጋሎን 27.5 ማይል ይሂዱ ተባለ። እሰየው! ‹‹ቀላል የጭነት መኪና›› ለተባለው ግን ሌላ፣ ላላ ያለ ሚዛን ተበጀለት። ገበሬውና አናጢው እንዳይጎዱ ነው እንበል። ከ1996 እስከ 2004 ሞዴል ድረስ ሚዛኑ 20.7 ማይል ላይ ተገትሮ ቀረ። ታዲያ መኪና ሠሪው ምን አደረገ? የፒክአፑን ሻንሲ ወሰደና ላዩ ላይ የቤተሰብ ወንበርና ምንጣፍ ደርቦበት ‹‹የጭነት መኪና ነው›› አለ። በ1990 ገበያ የወጣው የፎርድ ኤክስፕሎረር እንዲህ ነው የተወለደው። እናት ልጆቿን ትምህርት ቤት የምታደርስበት መኪና ‹‹የጭነት›› ሆነ። ልጆቹ ጭነት ከተባሉ እንግዲህ እኔ ምን እላለሁ!

ከውጭ በሚገባ ፒክአፕ ላይ ደግሞ ከ1964 ጀምሮ 25 በመቶ ቀረጥ ተጥሏል፤ ያውም አውሮፓውያን የአሜሪካን ዶሮ ስለቀረጡ በቂም። ዶሮው ተረሳ፣ ቀረጡ ቀረ።

መንግሥትም ከጎን ቆሞ ሲያይ አልነበረም። በ2003 የወጣው የግብር ሕግ አንድ ነጋዴ ወይም ሐኪም ከ6,000 ፓውንድ በላይ የሚመዝን መኪና ለሥራ ከገዛ፣ እስከ 100 ሺህ ዶላር ድረስ በዚያው ዓመት ግብር ከሚታሰብበት ገቢው ላይ እንዲቀንስ ፈቀደለት። ሃመር ኤች 2 ገዝቶ ‹‹ለሥራዬ ነው›› ማለት በቂ ነበር። ፕሪየስ የገዛውስ? 2,000 ዶላር! ልብ በሉልኝ፣ ያኛው 100 ሺህ፣ ይሄኛው 2 ሺህ። በዓመቱ በተነሣው ጩኸት የትልልቆቹ ጣሪያ ወደ 25 ሺህ ወረደ። እንዲህ እየተደጎመ የተገዛውን ሁሉ ቆጥሮ ‹‹ሕዝቡ የመረጠው ነው›› ማለት ትዝብት ላይ ይጥላል።

ትንሿን መኪና ራሷንስ እንዴት አድርገው ሠሯት? ፒንቶና ቬጋ በ1970 ወጡ። ቬጋን ዝገት በላት። ፒንቶ ደግሞ ከኋላ ስትገጭ የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ እሳት ሊያስነሣ ይችላል ተብሎ በ1978 ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ እንዲመለሱ ተደረገ። ደንበኛው ወደ ኮሮላና ሲቪክ ዞረ። ኮሮላ እኮ ትንሽ መኪና ናት! ሰውየው የሸሸው ትንሽነትን አይደለም።

የሠራተኛው ጥፋት ነው የሚል ካለ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት ይሂድ። ጂኤም በ1982 የዘጋው ፋብሪካ በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ተከፈተ። የተቀጠሩት በአብዛኛው የበፊቶቹ፣ ሰነፍና አስቸጋሪ ተብለው ስማቸው የጠፋ ሠራተኞች ናቸው። አሠራሩ ሲለወጥ እነዚያው እጆች ጥራቷ የተመሰከረላት ትንሽ መኪና አወጡ። ጂኤም ትምህርቱን እደጁ አግኝቶ ወደ ሌሎች ፋብሪካዎቹ ለማዳረስ ዓመታት ፈጀበት።

ኖቬምበር 2008 ላይ የሦስቱ ኩባንያዎች አለቆች 25 ቢሊዮን ዶላር ሊለምኑ ዋሽንግተን ሲመጡ እያንዳንዳቸው በግል ጄት ነበር። ለልመና በጄት! ሰው ሁሉ ሲስቅባቸው በዲሴምበር በሃይብሪድ መኪና ተመለሱ። በ2009 ክራይስለርና ጂኤም የኪሳራ ፍርድ ቤት ገቡ። በዚያው ዓመት መንግሥት ‹‹አሮጌህን አምጣና ነዳጅ ቆጣቢ ግዛ›› ብሎ ድጎማ ሲሰጥ ወደ 700 ሺህ የሚጠጉ መኪኖች ተቀየሩ። በብዛት የተመለሰው ያ ኤክስፕሎረር ነበር። በብዛት የተገዛችው ደግሞ ኮሮላ።

ኋላ ፎርድ ራሱ በ2021 ማቬሪክ የምትባል ትንሽ ሃይብሪድ ፒክአፕ፣ መነሻዋ 20 ሺህ ዶላር የማይሞላ፣ ይዞ ብቅ አለ። ምን ሆነ? በጃንዋሪ 2022 ‹‹የዓመቱ ሞልቷል›› ብሎ ትእዛዝ መቀበሉን አቆመ። ‹‹አይፈልግም›› የተባለው ሕዝብ ነው እንግዲህ ያዘዘው። ዛሬ መነሻዋ ከ26 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ የአዲስ መኪና አማካይ ዋጋ ደግሞ በሴፕቴምበር 2025 ከ50 ሺህ አልፏል። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ የወጣ ሕግ የ1975ቱን ሚዛን ላላሟላ ኩባንያ ቅጣቱን ዜሮ አድርጎታል።

ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችንን ስለ መኪና አንስቼባቸው ደጋግሜ አውርቻለሁ። ጋሎኑንና ማይሉን በቃላቸው ነው የሚያሰሉት፤ የቤት ኪራዩ ከዚያ ነውና የሚወጣው። ‹‹ምን ትገዛለህ?›› ስላቸው ካምሪ ይላሉ፣ ያገለገለች ፕሪየስ ይላሉ። የዲትሮይትን ስም ሲያነሡ የሰማሁት ከስንት አንዴ ነው።