«ጥቅም የለውም» እና «አልተረጋገጠም» አንድ አይደሉም፦ የኤክሞ ሙከራ በቤይዝ ዓይን

በ2018 የኢዮሊያ ሙከራ ውጤት ሲወጣ ብዙ ሰው የያዘው መልእክት አጭር ነበር፦ ኤክሞ ሕይወት አያድንም። ኤክሞ ሳንባው ክፉኛ ለተጎዳ ሕመምተኛ ደሙን ከሰውነት ውጭ አውጥቶ ኦክስጅን ሰጥቶ የሚመልስ ማሽን ነው።

እስቲ ቁጥሮቹን እንያቸው። በ60 ቀን ውስጥ፣ ኤክሞ ቶሎ እንዲሰጣቸው ከተመደቡት 124 ሰዎች 44ቱ (35 በመቶ)፣ ለተለመደው ሕክምና ከተመደቡት 125 ሰዎች ደግሞ 57ቱ (46 በመቶ) ሞቱ። ልዩነቱ 11 ነጥብ ነው። ፒ-ቫሊዩው ግን 0.09 ሆነ፤ ከ0.05 በታች ስላልወረደ ሙከራው «አልተሳካም» ተባለ።

0.09 ምን ይላል? ኤክሞ ምንም ለውጥ ባያመጣ ኖሮ፣ ይህን የሚያህል ወይም የሚበልጥ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ 9 በመቶ ገደማ ነው። ሐኪሙ የሚፈልገው ግን ሌላ መልስ ነው፦ ይህን ውጤት ካየሁ በኋላ፣ ኤክሞ የመጥቀም ዕድሉ ስንት ነው?

ኢዋን ጎሊገርና ባልደረቦቹ በዚያው ዓመት በጃማ መጽሔት የመለሱት ይህንን ነው። የቤይዝ ዘዴ ቀድሞ የነበረን ግምት በአዲስ ዳታ ያርማል፤ እኛ ኢንጂነሮች የሴንሰርን ንባብ ከሞዴል ግምት ጋር ስናዋህድ የምንሠራው ያው ነው። ወዲህም ወዲያም ከማያዘነብል ግምት ሲነሱ፣ ኤክሞ ሞትን የመቀነስ ዕድሉ 96 በመቶ ሆነ፤ በጣም ከተጠራጣሪ ግምት ሲነሱ እንኳ 88 በመቶ። የጽሑፉ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው፦ አንድ የሚመቻቸውን ግምት መርጠው ሌላውን አልደበቁም።

ግን 96 በመቶዋን ይዞ መሮጥም አያዋጣም። ቁጥሩ ጥቅም ስለመኖሩ እንጂ ስለ መጠኑ አይናገርም። ሙከራው ሲነደፍ ሞት ከ60 ወደ 40 በመቶ፣ ማለትም በሲሶ ይቀንሳል ተብሎ ነበር፤ በዚያው በማያዘነብለው ግምት፣ ጥቅሙ ከዚያ የመብለጥ ዕድሉ 18 በመቶ ብቻ ነው። ከተለመደው ሕክምና ቡድን 35 ሰዎች ሁኔታቸው ሲከፋ ኤክሞ ተሰጥቷቸዋል፤ ይህን መደባለቅ ቤይዝም አያጠራውም። ትንተናው የተሠራውም ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ነው።

ስለዚህ ቀጣዮቹ የፅኑ ሕሙማን ሙከራዎች መነሻ ግምታቸውንና «ይበቃል» የሚሉትን የጥቅም መጠን ገና ከመጀመራቸው በፊት ይፋ ቢያደርጉ ይሻላል። ማሽኑና የሠለጠነ ቡድን ላለው ሆስፒታል 88 በመቶ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ከዜሮ ተነስቶ ለሚገዛው ግን ወሳኙ የጥቅሙ መጠን ነው።