«አሉታዊ ግብረ መልስ» ወይስ «ገቺ ምልሰት»፤ የእንቁልጢና የፒቱታሪ ሆርሞኖች ግንኙነት በአማርኛ ሲገለጽ

የሳይንስ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ በቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባው የቃሉ ማማር ሳይሆን ነገሩን በትክክል ማሳየቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመሩት በሥነ ሕይወትና በሕክምና ትርጉሞች የተለመዱት «አሉታዊ ግብረ መልስ» እና «አዎንታዊ ግብረ መልስ» የተባሉት ሐረጎች ናቸው። ለመፈተኛነት የተመረጠውም የእንቁልጢ (የኦቫሪ) ሆርሞኖች የፒቱታሪ ዕጢን ሥራ የሚቈጣጠሩበት ሥርዐት ነው። በዚህ ሥርዐት ሁለቱም ሐረጎች ለአንዱ ሆርሞን ስለሚነገሩ፣ ጉድለታቸው ከሌላ ቦታ ይልቅ እዚህ ጎልቶ ይታያል።

አስቀድሞ ነገሩን እንመልከት። በአንጎል ሥር የሚገኘው ሃይፖታላመስ በትርታ መልክ የሚልከው ሆርሞን ፒቱታሪን ያነሳሳል፤ ፒቱታሪም ኤፍ ኤስ ኤች እና ኤል ኤች የተባሉትን ሆርሞኖች ወደ ደም ይለቃል። እነዚህ በእንቁልጢ ውስጥ ያሉትን የእንቁላል ከረጢቶች ያሳድጋሉ፤ ከረጢቶቹም ኢስትራዲዮል የተባለውን የኢስትሮጅን ዐይነት ያመነጫሉ። ኢስትራዲዮል በደም ተጉዞ ሃይፖታላመስና ፒቱታሪ ዘንድ ሲደርስ፣ መጠኑ ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ እስከ ሆነ ድረስ የሁለቱን ሆርሞኖች አለቃቀቅ ይገታል። ከከረጢቱ የሚወጣው ኢንሂቢንም በተለይ ኤፍ ኤስ ኤችን ይቀንሳል። ዳሩ ግን የበሰለው ከረጢት የኢስትራዲዮልን መጠን በሚሊ ሊትር ከ200 ፒኮግራም በላይ አድርጎ ለ50 ሰዓት ያህል ካቈየው ውጤቱ ይገለበጣል። ሲገታ የነበረው ሆርሞን አሁን ይገፋፋል፤ ኤል ኤች እንደ ደራሽ ውኃ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ደራሹ ከጀመረ ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላም እንቁላሉ ይወጣል። የቀረው ከረጢት ወደ ቢጫ አካልነት ተለውጦ ፕሮጄስትሮን ሲያመነጭ፣ ይኸው ሆርሞን ከኢስትራዲዮል ጋር ሆኖ አለቃቀቁን እንደገና ይገታል።

የመግታቱን ወገን ካርል ሙርና ዶርቲ ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1932 ገልጸውታል። የመገፋፋቱን ወገን ደግሞ ዋልተር ሆልቬግ እ.ኤ.አ. በ1934 አመለከተ፤ ይኸውም ኢስትሮጅን ለአቅመ መራባት ባልደረሱ አይጦች እንቁልጢ ውስጥ ቢጫ አካል እንዲፈጠር ማድረጉን በማሳየት ነው። ለሁለቱ ወገኖች ዛሬ የሚሠራባቸው የእንግሊዝኛ ስያሜዎች ግን ከኤሌክትሪክ ምህንድስና የመጡ ናቸው፤ ከማሽን ወደ ሕያው አካል በሰፊው የተሻገሩትም እ.ኤ.አ. በ1948 ከታተመው ከኖርበርት ዊነር «ሳይበርኔቲክስ» በኋላ ነው። በምህንድስናው ዘንድ የመደመርና የመቀነስ ምልክት የሚያመለክተው አቅጣጫን ብቻ ነው፤ ተመላሹ ኀይል የመጀመሪያውን ለውጥ ይቃወማል ወይስ ያጠናክራል የሚለውን።

የአማርኛው ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «አሉታ» እና «አዎንታ» ከሰዋስው የተወሰዱ ቃላት ናቸው፤ «አልመጣም» አሉታ፣ «መጣ» አዎንታ ነው። አሉታ አንድን ነገር ይክዳል እንጂ ለውጥን አይቃወምም። ይህም ብቻ አይደለም፤ በዛሬው አነጋገር «አሉታዊ» ማለት መጥፎ፣ «አዎንታዊ» ማለትም መልካም ማለት ሆኖአል። «ግብረ መልስ» ደግሞ በስብሰባና በሥልጠና ማብቂያ ላይ የሚሰጥ አስተያየት ስም ሆኖ ተለምዶአል። እንግዲህ «አሉታዊ ግብረ መልስ» የሚለውን የሚያነብ ሰው በመጀመሪያ የሚረዳው የማይወደድ አስተያየትን ነው።

«ፒቱታሪ» የሚለው ስም በላቲን አክታን ከሚያመለክት ቃል የመጣ ነው፤ የጥንቶቹ ሐኪሞች አክታ ከአንጎል በዚያ በኩል ይወርዳል ብለው ያምኑ ነበርና። ዛሬ ግን በስሙ ውስጥ አክታን የሚሰማ የለም፤ ምስሉ ሞቶአል። የ«አሉታዊ» ምስል ግን አልሞተም፤ በየዕለቱ በጆሮአችን ይሠራል።

ጉዳቱ በመማሪያ መጽሐፍ ብቻ የሚቀር አይደለም። የእርግዝና መከላከያ እንክብልን የሚመለከት ማብራሪያ «በእንክብሉ ውስጥ ያሉት ሆርሞኖች በፒቱታሪ ዕጢ ላይ አሉታዊ ግብረ መልስ ያስከትላሉ» ተብሎ ቢተረጐም፣ አንባቢዋ እንክብሉ ዕጢዋን እንደሚጐዳ ብትረዳ አይፈረድባትም። ምርጫዋን የምትወስነው በሐኪሙ ዕውቀት ሳይሆን በተርጓሚው ቃል ይሆናል።

ስለዚህ ይህ ጸሐፊ «ገቺ ምልሰት» እና «አጠናካሪ ምልሰት» የሚሉትን ያቀርባል። «ምልሰት» በሥነ ጽሑፍ ሒስ ሌላ ሥራ ያለው ቃል ቢሆንም፣ መስኮቹ የተራራቁ ስለሆኑ መደናገር አያስከትልም። «አነሳሽ» የሚለው ያልተመረጠው ሃይፖታላመስ በፒቱታሪ ላይ፣ ኤፍ ኤስ ኤችም በከረጢቱ ላይ ለሚሠሩት ሥራ ስለሚያስፈልግ ነው። ቃሎቹን በሦስት ዓረፍተ ነገር እንፈትን። «እንክብሉ ገቺውን ምልሰት ስለሚያዘወትር የኤል ኤች ደራሽ አይመጣም።» «ባረጠች ሴት ዘንድ ገቺው ምልሰት ስለሚቀር ኤፍ ኤስ ኤች ከፍ ይላል።» «ክሎሚፌን ኢስትሮጅን በሃይፖታላመስ ላይ የሚያደርሰውን ገቺ ምልሰት ስለሚያግድ እንቁላል እንዲወጣ ይረዳል።» በሦስቱም ልጓም ሲጠብቅና ሲላላ ይታያል፤ በ«አሉታዊ» ቢተኩ ግን ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር መጥፎ ነገር የቀረ ያስመስላል።

ከስሙ ጋር ግሡም መታረም ይገባዋል። «ማመንጨት» የሚለው ግሥ ለመሥራት፣ ለማከማቸትና ለመልቀቅ በአንድነት ሲውል ይታያል። ኢስትራዲዮል እንደ ተሠራ ስለሚወጣ ለእሱ ይስማማል። ለፒቱታሪ ግን አይበቃም፤ ከደራሹ በፊት ኢስትራዲዮል የኤል ኤችን መለቀቅ እየገታ መሠራቱንና መከማቸቱን ያግዛልና። ሦስቱን ያልለየ ተርጓሚ ደራሹ ከየት እንደ መጣ ሊያስረዳ አይችልም። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅም «ኢስትሮጅን፤ ፒቱታሪን የሚገታ ሆርሞን» ብሎ ቢፈታ ግማሹን እውነት ይጽፋል፤ ፍቺው መጠንንና የቈይታ ጊዜን መጨመር አለበት።

የተለመደ ቃል አይነካም፣ ለፊዚክስም ለሥነ ሕይወትም አንድ ስያሜ ይኑር የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንድነቱ ተገቢ ነው፤ «ገቺ» እና «አጠናካሪ» ግን ለምህንድስናውም የሚያገለግሉ ናቸው። ልማድን በተመለከተ፣ ቃሉ በተማሪው ዘንድ በማብራሪያ ሊቃና ይችል ይሆናል፤ መምህር በሌላት አንባቢ ዘንድ ግን የሚያቃናው የለም። ሐሳቡ በዚህ መንፈስ ለባለሙያዎች ውይይት ቀርቦአል፤ የተሻለ ቃል የሚያመጣ ቢገኝ የሚፈተነው ከላይ በተጻፉት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ይሁን።