የቨርቹዋል ሪያሊቲ ልምምድና የጀማሪው ቀዶ ሐኪም እጅ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ወደ አምቦና ወደ ጎጃም በሚወስዱት መንገዶች ላይ የሚገኙ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ከተሞች ናቸው። ከእነዚህ ከተሞች ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሚሻ ሰው ሲነሳ፣ ዕጣው በአብዛኛው የሚወሰነው በሚያገኘው ሐኪም ሥልጠና ነው። ጀማሪው ሐኪም የመጀመሪያ ስሕተቶቹን የሚፈጽመው በሕመምተኛ ገላ ላይ ነው ወይስ በመለማመጃ ላይ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ሆኖ የሚቀርበው ቨርቹዋል ሪያሊቲ፣ ማለትም በኮምፒውተር አማካይነት የሚደረገው አስመሳይ ልምምድ፣ ከመወደሱ በፊት ሊመረመር ይገባዋል።

ደጋፊዎቹ ዘወትር የሚጠቅሱት ሲሞርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡትን ጥናት ነው። 16 ሬዚደንት ሐኪሞች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ሚስት-ቪአር በተባለው መሣሪያ ከተለማመዱ በኋላ፣ ሁሉም በላፓሮስኮፒ የሐሞት ከረጢት አወጡ። ሥራቸው በቪዲዮ ተቀርጾ፣ ማን እንደተለማመደ በማያውቁ ሐኪሞች ተገመገመ። ያልተለማመዱት የሐሞት ከረጢቱን የመጉዳት ወይም የማይነካ አካል የማቃጠል ዕድላቸው አምስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

ውጤቱ ጠንካራ ነው፤ ከውጤቱ የሚወሰደው ትምህርት ግን ብዙ ጊዜ ይዛባል። መሣሪያው በስክሪን ላይ ያሳይ የነበረው ተራ ቅርጾችን እንጂ የሰው አካል አልነበረም፤ ለእጅም የሥጋን ግፊት አይመልስም ነበር። ሠልጣኞቹ ልምምዱን የሚያቆሙት ግን ሰዓት ስለሞላ ሳይሆን ልምድ ካላቸው ቀዶ ሐኪሞች ደረጃ ሲደርሱ ነበር። ስለዚህ ይበልጥ እውነት የሚመስል ምስል ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ ከዚህ ጥናት ማስረጃ አያገኝም።

ሁለተኛው ጉድለት የተግባሩ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የላንሴት የዓለም አቀፍ ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን ለአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ብቃት መለኪያ ያደረጋቸው በቀዶ ሕክምና ማዋለድ፣ ሆድ ከፍቶ ማከምና ቆዳ በስቶ የወጣ ስብራትን ማከም ናቸው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ጤና መኮንኖችን በሁለተኛ ዲግሪ ያሠለጠነችው ለእንዲህ ያለው ድንገተኛ ሥራ ነው። ላፓሮስኮፒን የሚያለማምድ መሣሪያ ይህን አያስተምርም።

ሌላ መንገድ እንዳለ በአፍሪካ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ጥናት፣ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያ፣ ከኡጋንዳና ከዚምባብዌ የተውጣጡ የዓይን ሕክምና ሠልጣኞች በሰው ሠራሽ ዓይን ላይ ለአምስት ቀናት የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምናን ተለማመዱ። በአንድ ዓመት ውስጥ በሕመምተኞቻቸው ላይ የዓይን ሌንስ የኋላ ሽፋን መቀደድ 7.8 በመቶ ሲሆን፣ ባልተለማመዱት ዘንድ 26.6 በመቶ ነበር። የለካው በሕመምተኛው ላይ የደረሰውን ነውና ማስረጃው ይበልጥ ይመዝናል።

ቨርቹዋል ሪያሊቲ ላፓሮስኮፒ በሚሠራባቸው የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ተገቢ ቦታ አለው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚሰማሩ ጀማሪዎች ግን ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው፤ አስቀድሞ ሊደረስበት የሚገባውን የብቃት ደረጃ መወሰን፣ ቀጥሎ ለተግባሩ የሚስማማውን ርካሽ መለማመጃ ማዘጋጀት፣ በመጨረሻም ውጤቱን ከሕሙማን መዝገብ መመዘን። ደረጃውን ያላሟላ ሠልጣኝ፣ የተለማመደበት መሣሪያ ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ቢላ ሊይዝ አይገባውም።