የፍርሃት ቅንብር፦ ስለ ግሪፊዝ ዝናና ስለ ሚሾ መዘንጋት

በ1915 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበውን የዴቪድ ዋርክ ግሪፊዝን «የአንዲት ሀገር ልደት» የተባለ ድምፅ አልባ ፊልም ባነሡ ቁጥር፣ አስተሳሰቡን ኰንኖ ጥበቡን ማወደስ በሲኒማ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ የሚወራረስ ልማድ ሆኗል። ይህ አከፋፈል ለፈራጁ ኅሊና ዕረፍት ይሰጥ እንደ ሆነ እንጂ እውነት አይደለም፤ በዚያ ፊልም ውስጥ ጥቁሩን ሰው አስፈሪ ያደረገው ከጥበቡ ውጭ የቆመ አሳብ ሳይሆን ያው የተወደሰው ጥበብ ራሱ ነውና።

ለዚህ ምስክር የምጠራው ፍሎራ የተባለችው ልጅ ባልዲ ይዛ ከጫካ ምንጭ ውሃ ልትቀዳ የወረደችበትን ክፍል ነው። ልጅቱ በዛፍ ላይ የምትዘል ሽኮኮ አይታ ስትስቅ፣ ገስ የተባለው ከባርነት የወጣ ወታደር ተሸሽጎ ሲመለከታት፣ ቈይቶም ወንድሟ ዱካዋን ተከትሎ ሲሮጥ፣ ግሪፊዝ ሦስቱን እያፈራረቀ ያሳየናል። ገስ በመጀመሪያ የሚያደርገው ማየት ብቻ ነው፤ ከዚያም ቀርቦ ሚስት ማግባት እንደሚሻ ይነግራታል። ነገር ግን ከሣቂው ፊት ቀጥሎ የእርሱ ፊት፣ ከእርሱም ቀጥሎ ሽኮኮዋ ስለሚመጡ፣ ተመልካቹ አንድ ቃል ሳይነገረው ልጅቱ በአዳኝ ዓይን ሥር መውደቋን ያምናል፤ የትዕይንቱ መፈራረቅ እየፈጠነ በሄደ መጠንም ልቡ ከወንድምየው ጋር ስለሚሮጥ፣ እርስዋ ከገደል ስትወድቅ፣ ኩ ክላክስ ክላን የተባለው የነጮች ማኅበር ኋላ በገስ ላይ የሚፈጽመውን ግድያ ተመልካቹ አስቀድሞ ፈርዶታል።

የቤተ ክርስቲያናችን ሠዓልያን ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ርኩሱን ከጎን በአንድ ዓይን የሚሥሉበትን ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ስልት ምሥጢር ለመረዳት አይቸገርም፤ ሠዓሊው ግን ሥዕሉ ምልክት መሆኑን አይሸሽግም፣ ግሪፊዝ ደግሞ ምልክቱን የዓይን ምስክርነት አስመስሎ ያቀርባል። ያውም ገስን ሆኖ የተጫወተው ዋልተር ሎንግ የተባለ፣ ፊቱን ያጠቈረ ነጭ ተዋናይ ነበር። ተመልካች ከአዳራሽ ወጥቶ በመንገድ ላይ የሸሸው ጥቁር ሰው በሸራው ላይ ከቶ አልነበረም!

ፊልሙ በፕሬዚዳንት ዊልሰን ቤተ መንግሥት መታየቱ፣ በቦስተን ጋዜጠኛው ዊልያም ሞንሮ ትሮተር የመራው ተቃውሞ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም ክላን በጆርጂያ በስቶን ማውንቴን ተራራ ላይ እንደ ገና መቋቋሙ የታወቀ ነው። ፊልሙን ያላየው ትውልድም የአስተያየቱን ሥርዓት ወርሷል። በ2020 በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ፣ በዛፎች መካከል ወፎችን ይመለከት የነበረ ጥቁር ሰው አንዲትን ሴት ውሻዋን እንድታስር ቢጠይቃት፣ ሕይወቷን እንዳስፈራራ አድርጋ ለፖሊስ ደወለች። ዓለም እውነቱን የተረዳው ሰውየው ራሱ የሆነውን በስልኩ ስለ ቀረጸ ነው።

ጥቁሩ ሰው የሥዕል መቅረጫውን በእጁ ሲይዝ ምን እንደሚሆን ግን ጥቁሩ የፊልም ሠሪ ኦስካር ሚሾ አንድ መቶ ዓመት ቀድሞ አሳይቶ ነበር። በ1920 ባወጣው «በደጆቻችን ውስጥ» በተባለው ፊልም ያንኑ የማፈራረቅ ስልት ወስዶ፣ ጥቁር ባልና ሚስት በዐመፀኛ ሕዝብ እጅ ሲሰቀሉና አንድ ነጭ ሽማግሌ ሲልቪያ የተባለችውን ሴት ሊደፍር ሲታገላት ጎን ለጎን ያቀርባል፤ ሽማግሌውም በደረቷ ላይ ካለው ጠባሳ የገዛ ልጁ መሆኗን ያውቃል። የአስፈሪውና የፈሪው ስፍራ እውነተኛ ወደ ሆነው ሥርዓቱ የተመለሰው በዚህ ነው። የሚሾ ገንዘቡ ጥቂት፣ የታሪኩም አካሄድ ውስብስብ ነው፤ እኔ ግን ያ የጠባሳው ቅጽበት በግሪፊዝ ፊልም ካለው የክላን ፈረሰኞች ግልቢያ ሁሉ ይበልጥብኛል፤ ደግሜ ባየሁትም ቁጥር ፍቅሬ ይጨምራል።

የቺካጎ ሳንሱር፣ የ1919ኙ የዘር ሁከት ገና ትኩስ ነውና ሌላ ያስነሣል በሚል ስጋት፣ ይህን ፊልም መጀመሪያ ከልክሎት ነበር። ኋላም ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ቆይቶ ቅጂው በስፔን ተገኘ፤ በ1993ም የአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት አደሰው። እንግዲህ የሲኒማን ጥበብ የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ትዕይንትን ማፈራረቅ ምን እንደ ሆነ ለደቀ መዛሙርታችሁ ስታሳዩ ከሚሾ ጀምሩ፤ የግሪፊዝን ፊልም ከዚያ በኋላ አቅርቡላቸው።