የውሃ እርሾ

ሳሎኔ ጥግ ላይ 80 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ወደ 100 ሊትር ውሃ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አለ። ውስጡ በዕፅዋት የተሞላ ነው፤ በዕፅዋቱ መሀል ጥቂት ጋፒዎች ይመላለሳሉ። ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ቀድሞ የሚያየው ዓሣውን ነው። እኔ ግን ጠዋት ስነሳ የማየው ቅጠሉን ነው። ቅጠሉ ካልተመቸው ዓሣውም አይመቸውም።

የጀመርኩት የጃፓናዊውን የታካሺ አማኖን ገንዳዎች በፎቶ አይቼ ነው። አማኖ እ.ኤ.አ. በ2015 እስኪሞት ድረስ በመስታወት ውስጥ ደን ሲተክል፣ ድንጋይና ግንድ ሲያሰናዳ የኖረ ሰው ነው። ሊዝበን ከተማ በሚገኘው ኦሺናሪዮም የሠራው ገንዳ ብቻ 40 ሜትር ይረዝማል። ያን ውበት አይቼ ቸኮልኩ። ቅዳሜ ዕለት ገንዳውን ሞልቼ ዕፅዋቱን ተከልኩ፤ ሰኞ 12 ዓሣ ገዝቼ ለቀቅኩበት። በሳምንቱ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር ሲለምኑ አገኘኋቸው። ውሃው ኩልል ያለ ነበር፤ ምን እንደነካቸው ሊገባኝ አልቻለም። ዘጠኙ ሞቱ።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ለዓይን አይታይም፤ የዓሣን ስንጥብ ግን ያቃጥላል። አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ይሄም መርዝ ነው። ሌላው ዓይነት ደግሞ ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጥና ዕፅዋቱ እንደ ማዳበሪያ ይመገቡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ እስኪራቡ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። እኔ የጠበቅኩት ሁለት ቀን ነው።

ከእኔ በፊት በዚህ ነገር የቆየ አንድ ወዳጄ ጉዳዩን ሲሰማ፣ ከራሱ ማጣሪያ ላይ ቡናማ ጭቃ የያዘ ስፖንጅ ቆርጦ በእርጥቡ በፌስታል ሰጠኝ። «እርሾህ ይኸው» አለኝ። በእውነትም እርሾ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ተበድሮ ሊጡን እንደሚያቦካው፣ ያ ቁራጭ ስፖንጅ አዲሱን ውሃ ያዘልኝ።

ከወራት በኋላ ያንኑ እርሾ በገዛ እጄ ደፋሁት። ስፖንጁ ቆሽሾ ስላየሁት ቧንቧ ከፍቼ ነጭ እስኪሆን አሸሁት። የቧንቧው ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን ገደላቸው፤ ገንዳው እንደገና ከዜሮ ጀመረ። አሁን ከገንዳው ራሱ አንድ ባልዲ ውሃ እቀዳና ስፖንጁን እዚያው ሁለት ጊዜ ጨመቅ አድርጌ እመልሰዋለሁ። የምቀይረውን ውሃ ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት በባልዲ ቀድቼ ክዳን ሳላደርግበት አሳድረዋለሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ብዙም አይከብድም፤ ድሮም እናጠራቅማለን። የሚከብደው መብራት ሲጠፋ ነው። በኅዳር ብርድ ማሞቂያውም ማጣሪያውም ሲቆሙ ገንዳውን በጋቢ ጠቅልዬ ያደርኩባቸው ሌሊቶች አሉ።

ዕፅዋቱም የራሳቸው ፈተና አላቸው። አኑቢያስ የሚባለው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተክል ወፍራም አግዳሚ ግንዱ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል፤ ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ በክር ሲታሰር ግን ዓመታት ይኖራል። ክሪፕቶኮሪን ደግሞ ቦታ በቀየረ በሳምንቱ ቅጠሉ እንደ መስታወት ያሳልፍና ቀልጦ ይወድቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ሳይ ሞተ ብዬ ነቅዬ ጣልኩት። አንዲት ሥር ብቻ ድንጋይ ሥር ቀርታ ኖሮ፣ በሦስተኛው ሳምንት ከጠጠሩ መሀል ጥፍር የምታህል ቀይ ቅጠል ብቅ አለች። የጣልኳቸው ሁሉ ሥራቸው ደህና እንደነበር ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ዛሬ የገንዳውን ግራ ጎን የሞላው የዚያች ሥር ልጅ ነው።

የዚህ ሥራ ደስታ ማታ ማታ ይመጣል። መብራቱን በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ አላበራም፤ ከዚያ ካለፈ አልጌ መስታወቱን ይወርሰዋል። ሊጠፋ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ከቅጠሎቹ ሥር የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ የኦክስጅን አረፋዎች ይሰቀላሉ። አንዱ ይላቀቅና ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሌላው ይከተለዋል። ቅጠል ሲተነፍስ በዓይን የሚታይበት ሌላ ቦታ አላውቅም። እዚያ ፊት ቁጭ ስል የቀኑ ድካም ይወጣልኛል።

ገንዳ ሲደላው ደግሞ ተክሉ ይበዛል። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ባልዲ እቆርጣለሁ። ይህን ሥራ ለምትጀምሩ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ፤ የቆረጣችሁትን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቦይ አትጣሉት። ጣናን የወረረው እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፤ በዓለም የተሠራጨው በአብዛኛው አበባው አምሮ ሰው ለጌጥ ሲወስደው ነው። የቆረጣችሁትን ፀሐይ ላይ አድርቁና ለአበባ አፈር አድርጉት። ስፖንጃችሁን ግን ለጀማሪ ቁረጡለት።