«ክፍት ዑደት» በመኪና ጥገና ጽሑፍ

በትምህርት ቤት የፊዚክስ መጽሐፍ «ክፍት ዑደት» ኤሌክትሪክ የማያልፍበት፣ «ዝግ ዑደት» ደግሞ የሚያልፍበት መስመር ነው። ስያሜው ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተመለሰ ሲሆን፣ የመኪና መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር የሚያወጣቸውን የብልሽት ኮዶች የሚተረጉሙም እንዳለ ይወስዱታል። እኛ ከጥገና ጽሑፍ እንዲወጣ እንሻለን።

በአማርኛ የተከፈተ ነገር ያሳልፋልና። ቧንቧ ሲከፈት ውሃ ይወርዳል፤ መንገድ ሲከፈት መኪና ያልፋል፤ «ሬዲዮኑን ክፈተው» የተባለም ሰው ያሰማዋል እንጂ አያጠፋውም። እንግዲህ በወልድያ፣ ወይም በሀብሩ ወረዳ በመርሳ ከተማ፣ በደሴ መንገድ ዳር የሚሠራ መካኒክ «የሴንሰሩ ዑደት ክፍት ነው» የሚል ቢያነብ መስመሩ ደህና ነው ብሎ ቢያስብ ይፈረድበታልን? ሽቦውን ትቶ ሴንሰሩን ይቀይራል፤ ኮዱ አልጠፋ ሲለው ኮምፒውተሩን ይጠረጥራል። ባለመኪናው ለውድ ዕቃ ይከፍላል፤ ጥፋቱ ግን አንዲት የተበጠሰች ሽቦ ናት።

ዩ0100 የተባለው ኮድም እንዲሁ ነው። የሚናገረው ከሞተሩ መቆጣጠሪያ ጋር ግንኙነት መጥፋቱን ብቻ ነው። «የመቆጣጠሪያ ብልሽት» ብሎ መተርጎም ፍርዱን ከምርመራው ያስቀድማል፤ ፊውዝ ተቃጥሎ ወይም ከቦዲው ጋር የታሰረው የኔጋቲቭ ሽቦ ላልቶ ሊሆን ይችላልና። (ይህንኑ ሽቦ «መሬት» የሚሉም አሉ፤ በጎማ ላይ የቆመ መኪና ምን መሬት አለው?)

በምትኩ «የተቋረጠ ዑደት» እንላለን። «የተበጠሰ» ለጆሮ ይቀርባል፤ ነገር ግን ሽቦው ሳይበጠስ ሶኬቱ ዝጎም ኤሌክትሪኩ ይቀራል። ተማሪው «ክፍት»ን ለምዷል የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ለጥቂት ዓመታት ሁለቱ ጎን ለጎን ቢጻፉ አንቃወምም። «አጭር ዑደት»ን ግን ለ«ሾርት» እንለቃለን። ሞተሪኖ፣ ካንዴላና ፍሪሲዮን ከጣልያንኛ ሲገቡ ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም፤ ጋራዡም «ሾርት አደረገ» ብሎ ግሥ አበጅቶለታል።

አንድ ችግር ይቀረናል። መንገዱ ሲያንገጫግጭ ብቻ እየታየ ቆሞ ሲመረምሩት የሚጠፋው ብልሽት የሚለየው በምን ስም ነው? ለጊዜው «አልፎ አልፎ የሚቋረጥ» ብለነዋል፤ ረዝሞብናል።